መቶ ሰባቱ መስቀሎች

«ስንት ሆነ?» አሉ ሃምሳ አለቃ ሙለታ።

ዙሀይራ የእርሳሷን ጫፍ ከሥዕሉ ላይ ሳታነሳ «ዘጠና ሁለት» አለች።

«ተሳስተሻል። ከኋላ ያሉትን አልቆጠርሽም። ጭጋጉ ውስጥ ያሉትን። እንደገና ቁጠሪ።»

የልጅ ልጃቸው ሀይሚ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈለፍላለች። «አባባ ደግሞ፤ አንድ ሁለት መስቀል ቢጎድል ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «መቶ ሰባት ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ነው።»

ሥዕሉ ከደብተር ገጽ ብዙም የማይበልጥ፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ አሮጌ የታተመ ወረቀት ነበር። የጎባ እርጥበት ግራ ጎኑን በልቶታል፤ ከጣሪያ የወረደ ውሃም ሰማዩ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቀለበት ትቶበታል። ቢሆንም ምን እንደሆነ ይታያል። ጭቃማ ኮረብታ፣ በረድፍ በረድፍ የተተከሉ ነጫጭ መስቀሎች፣ በመካከላቸው ጀርባውን ሰጥቶ ቆቡን በእጁ የያዘ ወታደር፣ ከኮረብታው ወዲያ ደግሞ ለአጨዳ የደረሰ የስንዴ ማሳ። ስንዴውን ብቻ ያየ የባሌ ሲናና ገበሬ የገዛ ማሳው ሊመስለው ይችላል። መቃብሩ ግን የፈረንጆች ነው፤ በመጀመሪያው ታላቅ ጦርነታቸው ያለቁ ወታደሮች ያረፉበት። ማን እንደሣለው ሃምሳ አለቃም አያውቁም።

ያገኙት ለኮሪያ ዘምተው፣ ቆስለው ጃፓን አገር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። አጠገባቸው የተኛው ፈረንሳዊ ወታደር ቋንቋ ባይግባቡም ሥዕሉን አውጥቶ፣ አንዱን መስቀል በጣቱ ነክቶ ከዚያ የራሱን ደረት እየመታ፣ የሥጋ ዘመዱ እዚያ እንደተቀበረ ነገራቸው። ሲለያዩ ሥዕሉን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ንጉሡም ወረዱ፣ ደርግም ወደቀ፤ ሥዕሉ ከሃምሳ አለቃ አልጋ ራስጌ አልወረደም። አሁን ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ስለመጣ፣ በሩን በሚያህል ጨርቅ ላይ፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት፣ በእጅ እንዲገለበጥላቸው ፈለጉ።

ዙሀይራን ያመጣቻት ሀይሚ ናት። ሁለቱ ሮቤ ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ፤ ሀይሚ ቅዳሜና እሁድ ጎባ አያቷ ዘንድ ትመጣለች። በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው የልብ ሥዕል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሣለው የኢትዮጵያ ካርታ፣ የጥርስና የጆሮ ክፍሎች፣ ሁሉም የዙሀይራ እጅ ሥራ ነው። ሃምሳ አለቃ አቡጀዲ አስገዝተው፣ በእንጨት አስወጥረው፣ ኮላ አስቀብተው ጠበቋት። የሚተርፈው ቀለም የሷ እንዲሆን ተስማሙ። ለዙሀይራ ከዚያ የሚበልጥ ክፍያ አልነበረም።

እንደገና ቆጠረች። መቶ ሰባት ሆነ።

«አየሽ» አሉ ሃምሳ አለቃ ረክተው። «እኛ ደግሞ ከኮሪያ አንድም ሰው ጥለን አልመጣንም። የተማረከ የለ፣ እዚያ የቀረ የለ። የሞተውን እንኳን በሳጥን አድርገን፣ በመርከብ ጭነን፣ ላገሩ አፈር አብቅተነዋል። አንድም ሰው።»

ዙሀይራ እርሳሷን ለመቅረጽ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሀይሚ ሱፏን ትታ ጓደኛዋን አየቻት፤ ከዚያ ቶሎ ብላ «አባባ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» አለች።

*

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ዙሀይራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሰው በስሟ ጠራት። አብዲ ነበር፤ የአጋርፋ ልጅ፣ የታላቅ ወንድሟ የወዚር ጓደኛ። በአንድ ቀን ተመዝግበው፣ በአንድ መኪና ተጭነው ነው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ ግንባር የሄዱት። አሁን በክራንች ቆሞ ነበር። ከስቶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቀችውም።

«እናትሽ ደህና ናት?» አላት።

«ደህና ናት። ወዚርስ? አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?»

አብዲ ወደ አጋርፋው አውቶቡስ አየ። ረዳቱ ተሳፋሪ እየጠራ ነው። «ዙ፣ ወዚር የለም» አለ።

«የት ሄደ?»

«የለም አልኩሽ እኮ። ግንቦት ላይ ነው። ዳገት እየወጣን ነበር። ከኔ አስር እርምጃ ቢርቅ ነው።» ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ ተባልን። ማንም ማንንም አላነሳም። እኔንም የጎተተኝ የማላውቀው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቦታው... እኔ እንጃ። ላመጣው አልቻልኩም።»

ዙሀይራ ደብተሮቿን አቅፋ ቆማ ቀረች።

«ቤት ድረስ ልመጣ አስቤ ነበር» አለ አብዲ። «ሦስት ጊዜ ሮቤ መጥቼ ተመለስኩ። የእናትሽን ፊት ማየት አልቻልኩም። አንቺ በሽማግሌ አስነግሪያት።» ይህን ብሎ በክራንቹ እያነከሰ ወደ አውቶቡሱ ሄደና ተሳፈረ። በመስኮት እንኳን ዞር ብሎ አላያትም።

ዙሀይራ የዚያን ቀን ልትናገር አስባ ገባች። እናቷ መሪየም ግቢው ውስጥ የወዚርን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ አስጥታ በዱላ አቧራውን እያራገፈች ነበር። በየሳምንቱ ታሰጣዋለች፤ ሲመጣ ሻጋታ እንዳይሸተው። ዙሀይራ ነገ እናገራለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች።

ኅዳር ሲገባ በሰፈሩ ላሉ ሁለት ቤቶች ከግንባር ደብዳቤ መጣ። መሪየም ለራሷ እንዳልመጣ ስታውቅ ምግብ ተወች። መጀመሪያ ምሳ፣ ከዚያ እራትም። ከተኛችበት ሳትነሳ ግድግዳውን እያየች ትውላለች። ጎረቤታቸው ሃጂራ ቅንጬ ሠርታ፣ ቁርኣን አስቀርታ፣ ለምና አቃታት። በአምስተኛው ቀን ዙሀይራ ከትምህርት ቤት ገብታ እናቷ ለሶላት ስትነሳ እግሯ ሲብረከረክ አየች። ያን ጊዜ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀድዳ አጠፈችና «አዮ፣ ደብዳቤ መጣ» አለች።

መሪየም ማንበብ አትችልም። ወረቀቱ የባዮሎጂ ማስታወሻ ነበር፤ በአንድ ገጹ የቅጠል ክፍሎች፣ በሌላው የሥር ዓይነቶች። ዙሀይራ ግን በኦሮምኛ አነበበች። «ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብን ነው ሳልጽፍ የቆየሁት።»

«እግሩ ይበርደው ነበር» አለች መሪየም በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላ። «ስለ ብርዱ ምንም አላለም?»

ዙሀይራ ወረቀቱን ገለበጠች። «ካልሲ ሰጥተውናል ይላል።»

መሪየም ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው፤ ግንባሯ ላይ አደረገችው። የዚያን ማታ ቅንጬውን በላች። በነጋታው ደብዳቤው ሳጥን ውስጥ፣ ከሐር ሻሿ ሥር ገባ። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ የመሪየም ልጅ ደህና መሆኑን፣ ካልሲም እንደተሰጠው ሰማ። ሃጂራ እልል አለች።

ከዙሀይራ በቀር እውነቱን የምታውቀው ሀይሚ ብቻ ናት።

*

ሥራው ከጥር እስከ የካቲት ቆየ። ዙሀይራ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከሮቤ በሚኒባስ ትመጣለች። ኮረብታውን ቀባች፣ ስንዴውን ቀባች። ጀርባውን የሰጠው ወታደር ላይ አራት ቀን ፈጀች፤ ትከሻው ምን እንደሚያስብ የሚናገር ትከሻ ነበርና በቀላሉ አልገኝ አላት። ሃምሳ አለቃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ማየት ያልቻሉትን እየጠየቁ ይከታተሏታል። «አሁን የቱ ጋ ነሽ?» ይላሉ። «ሦስተኛው ረድፍ» ትላለች። ከዚያ ያንኑ ይደግማሉ፤ ከኮሪያ አንድም ሰው ጥለው እንዳልመጡ፣ መርከቡ ላይ ሳጥኖቹን በየተራ ሲጠብቁ እንዳደሩ። ለክፋት አይደለም። በሕይወታቸው ያደረጉት ትልቁ ነገር እሱ ስለነበር ነው።

የካቲት ሲገባ መሪየም አንድ ቀን ገብስ እየቆላች፣ ስለ ተራ ነገር እንደምታወራ ሁሉ፣ «ሰኞ እንሄዳለን» አለች።

«የት?»

«ድሬ ነዋ። ድሬ ሼክ ሁሴን። ለአረፋ እንድንደርስ። ከሃጂራ ጋር፣ በእግራችን። ተስያለሁ እኮ፣ ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ። ልጄ ደህና ከሆነ በእግሬ እመጣለሁ ብዬ። ደህና ነኝ ካለ ስለት ይቆያል?»

«ሩቅ ነው አዮ። ጉልበትሽን ያምሻል።»

«ይመመኝ» አለች መሪየም ፈገግ ብላ። «ለሱ ያላመመኝ ለማን ሊያመኝ ነው።»

ዙሀይራ ይህን ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ለሀይሚ ነገረቻት። ሀይሚ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ላሽ በዪው፣ አቦ። ደስ ብሏት ትሂድ። ስትመለስ ሽማግሌዎች ይነግሯታል። ያኔ ጉልበት ይኖራታል።»

«ለሞተ ልጅ ምስጋና ልታደርስ ነው እኮ የምትሄደው። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ ነው? መርዶ ልታረጂ? በአስራ አምስት ዓመትሽ?» ሀይሚ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ደብዳቤውን ካወቀች አለቀልሽ። እውነቴን ነው ዙ። ሰው ሁሉ ይጠላሻል። ማንም ያላወቀውን ነገር ለምን ታወጪዋለሽ?»

ዙሀይራ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መንገዱ ዳር ያለው ማሳ ታርሶ ጥቁር ሆኗል። ሀይሚ ክፉ አልነበረችም። የምትለው ነገር እንዲያውም ትክክል ይመስል ነበር፤ የከበዳትም እሱ ነበር።

የዚያን ቀን የመጨረሻውን ረድፍ፣ ጭጋጉ ውስጥ ያሉትን ቀባች። መቶ ስድስተኛውን ጨርሳ ወደ መቶ ሰባተኛው ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ ሳታስብበት፣ ወይም ብዙ ቀን ስታስበው ቆይታ ይሆናል፣ በመስቀሉ ፈንታ አንድ ቀጥ ያለ ግራጫ ድንጋይ ሣለች። ሮቤ ዳር በሚገኘው የሙስሊሞች መቃብር ላይ እንደሚቆመው ዓይነት ድንጋይ። ትንሽ ነበር፤ ጥፍር ቢያህል ነው። ብሩሿን አጥባ ቶሎ ወጣች።

*

እሁድ ጠዋት ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ሙለታ ሸራው ፊት ቆመው ነበር። አፍንጫቸው ጨርቁን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው መስቀሎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ሀይሚ ዙሀይራን ስታይ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ምልክቱ ግን ዘግይቷል።

«ነይ እስቲ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ቀለሙ ደርቋል። ይሄ ምንድን ነው?»

ጣታቸው ድንጋዩ ላይ ነበር።

«ድንጋይ ነው፣ አባባ።»

«ሥዕሉ ላይ ድንጋይ የለም። ሃምሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ድንጋይ የለም። ሳይጨመር ሳይቀነስ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ዙሀይራ ልትዋሽ ትችል ነበር። ቀለም ፈሶብኝ ነው፣ እጄ ስቶ ነው ማለት ትችላለች። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ በዚህ አራት ወር ውስጥ ውሸት እንዴት ፈጥኖ እንደሚመጣ ለምዳለች። ድካሟ ግን ከውሸቱ በለጠ። የቀለም ሳጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና «የወንድሜ ነው» አለች። ከዚያ የቀረውን ተናገረች፤ መናኸሪያውን፣ አብዲን፣ ዳገቱን፣ ማንም ማንንም እንዳላነሳ፣ የባዮሎጂ ወረቀቱን፣ ካልሲውን፣ የነገውን የድሬ ጉዞ። አላለቀሰችም። አስተማሪ ፊት የቤት ሥራ እንደምታቀርብ ተማሪ በተራ በተራው ነገረቻቸው።

ሃምሳ አለቃ አልጋቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«አንድም ሰው ጥለን አልመጣንም እያልኩ» አሉ በመጨረሻ፤ «ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ?»

«ሁልጊዜ።»

«አቁሙ አትይኝም ነበር?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀይሚ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ወግ አለው። ከናንተ ከሙስሊሞቹም ሽማግሌ እፈልግና፣ አንድ ላይ ሆነን ዓርብ ማለዳ እንመጣለን።»

«ነገ ትሄዳለች፣ አባባ።»

«እንግዲያው ስትመለስ።»

«ደብዳቤውስ? ደብዳቤውን ማን ይነግራታል?»

ሃምሳ አለቃ ያረጁ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና፣ ሊያጽናኗት ፈልገው እንደሆነ ድምፃቸው እየነገረባቸው፣ «ድንጋዩን ተይው» አሉ። «ይኑር። ከነዚህ ጋር ይረፍ። እኔም ስጸልይ የዚያች ልጅ ወንድም እዚህ ነው ብዬ አየዋለሁ።»

ዙሀይራ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ድንጋዩ ከስንዴው ማሳ ጥግ፣ ጭጋጉ ውስጥ ቆሟል። የሚያምር ቦታ ነበር። ሰው ሊያርፍበት የሚመኘው ዓይነት ቦታ። ሌሊቱን ሙሉ እያሰበችው ነበር ያደረችው፤ ወዚር እዚያ እንዳለ፣ በላዩ ነፋስ እንደሚያልፍ፣ ሰው ቆቡን አውልቆ አጠገቡ እንደቆመ። ሲነጋ ግማሹን አምናው ነበር።

ሳጥኗን ከፈተች። ግራጫውን በኮረብታው ቡናማ ሸፈነችው። እስኪጠግግ ጠበቀች። ከዚያ ቀጭኑን ብሩሽ ነጭ ቀለም ነክራ አንድ ሰረዝ ወደ ታች፣ አንድ ሰረዝ አግድም አሰመረች።

«ምን አደረግሽ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«መቶ ሰባት ሞላ» አለች። «ወንድሜ እዚህ የለም፣ አባባ።»

ከሰዓት በኋላ ይጨረሳል የተባለውን ሰማይ ሳትጨርስ ወጣች። ሀይሚ እስከ በሩ ተከትላት እጇን ያዘች። «እኛ ጋ እደሪ» አለቻት። «እናትሽ ነገ ስትሄድ አታዪያትም። በቃ፣ አልነበርሽም።» ዙሀይራ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ሚኒባሱ ሄደች።

*

መሪየም የመንገዱን በሶ በወንፊት እየነፋች ነበር። ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አርፎባታል። ከግድግዳው ጥግ ሁለት የታሰሩ ጨርቆችና ጫፉ ባላ የሆነ የተጓዥ ዱላ ተደግፈዋል።

«ቶሎ መጣሽ» አለች። «ጥሩ። ጠርሙሱን ያዥልኝ፣ ማሩን ልገልብጥ። የሪራ ማር ነው፤ ሃጂራ ናት ያገኘችው።»

«አዮ፣ ተቀመጪ።»

«ምን ሆንሽ?»

«አትሂጂ። ወዚር ሞቷል።»

መሪየም ወንፊቱን አላስቀመጠችም። ልጇን እንደማታውቃት ሰው አየቻት። «አብደሻል» አለች በዝግታ። «ደህና ነኝ ብሎ ጽፎ የለ። አንቺው አንብበሽልኝ የለ።»

ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች። ከሻሿ ሥር ወረቀቱን አወጣች። ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሣ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ለልጇ ዘረጋችላት። «ይሄስ?»

«የባዮሎጂ ደብተሬ ነው። ይሄ ቅጠል ነው፣ ይሄ ሥር። ወዚር አልጻፈውም። እኔ ነኝ ከአፌ ያወጣሁት። አብዲ ጥቅምት ላይ ነግሮኛል። ግንቦት ነው የሞተው።»

መሪየም ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተመለከተችው። መጀመሪያ አንዱን ገጽ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሦስት ወር ሙሉ ስትስመው የኖረችው የቅጠል ሥዕል አሁን ገና ቅጠል ሆኖ ታያት። ዱቄቱ ላይ ተቀመጠች።

«የት ቀበሩት?» አለች።

ኮረብታው ወዲያው ዙሀይራ ዓይን ላይ መጣ። እያንዳንዱን ረድፍ በልቧ ታውቀዋለች። ስንዴ ካለበት ማሳ አጠገብ ነው ብትል፣ ድንጋይ ቆሞለታል ብትል፣ ጓደኞቹ ቆመው ሰግደውበታል ብትል፣ እናቷ ታምናታለች። ምናልባት በዚያ ላይ ተደግፋ ትኖር ይሆናል።

«አልቀበሩትም» አለች። «ዳገቱ ላይ ነው የቀረው። ያነሳው ሰው የለም። ቦታውን የሚያውቅም የለም።»

መሪየም አልጮኸችም። ዱቄት የነካውን እጇን እያገላበጠች አየችው። «ሦስት ወር» አለች። «ሦስት ወር እየሳቅሁ በላሁ። ሰው ቤት ሄጄ ሠርግ ላይ አጨበጨብኩ። ልጄ ሜዳ ላይ ወድቆ። አንድ ሰው እንኳን ሳይሰግድበት።» ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ከፊቴ ሂጂ» አለች።

ዙሀይራ ወጣች። ያለጊዜው የመጣ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ገና አለ፤ ሀይሚም ትጠብቃታለች። እሷ ግን ከደጃፉ አልራቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከውስጥ ድምፅ እየጠበቀች ተቀመጠች። ምንም ድምፅ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ለቅሶ ቢሆን መጨረሻ አለው ትል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሃጂራ የራሷን ባላ ዱላ ይዛ በግቢው በር ገባች። የነገውን መነሻ ሰዓት ልትነጋገር ነው። «ምነው ዝናብ ላይ?» አለች። «እናትሽ ጨረሰች?»

ዙሀይራ ተነስታ ቆመች። «እናቴ አትሄድም» አለች። «ወንድሜ ሞቷል።»

ሃጂራ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «ኢና ሊላሂ» አለች። ከዚያ ዓይኖቿ ግራ ተጋቡ። «ደህና ነው የሚል ደብዳቤ መጥቶ አልነበር? ማነው የተሳሳተው? መንግሥት ነው?»

ጥያቄው ማምለጫ ይዞ ነበር የመጣው። አዎ ብትል ይበቃል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያምናል፣ እናቷም ጉልበት አግኝታ አታስተባብል ይሆናል።

«የመጣ ደብዳቤ የለም» አለች ዙሀይራ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አራት ወር አውቄ ዝም አልኩ።»

ሃጂራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። እጇን አላነሳችባትም፤ አላቀፈቻትምም። ዱላዋን ከግድግዳው አስደግፋ በአጠገቧ አልፋ ወደ ቤት ገባች። ወዲያው ከውስጥ የመሪየም ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ አንድ ቃል፣ የወዚር ስም፣ ቀጥሎ ቃል ያልሆነ ነገር።

የጎረቤት በሮች መከፈት ጀመሩ። የሺሃረግ የምትባለው የወዲያ ማዶ ጎረቤት ነጠላዋን እያጣፋች መጣች፤ ከኋላዋም ሌሎች ነበሩ። «ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?» እያሉ ወደ ዙሀይራ ቀረቡ። ዙሀይራ ፊቷን ከካፊያው ጠረገች። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ደብዳቤውን ሳታስቀር፣ ነገረቻቸው። የሚቀጥሉት ሲመጡም እንደገና ነገረች።